ገደኛዋ አጃቢ፦ ዩኪካዜና ወደ አገራቸው የመለሰቻቸው ሰዎች

ይህ ጽሑፍ ለታሪክ ወዳጆች ስብሰባ ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን አስገብቻለሁ።

ጤና ይስጥልኝ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ጋደም ማለት ሲችል ስለ አንዲት የጃፓን መርከብ ሊሰማ የመጣ ሰው በመግቢያ መንዛዛት አይገባውም። ቀጥታ ልግባ።

መርከቧ ዩኪካዜ ትባላለች። ርዝመቷ 118 ሜትር ተኩል ነው፤ ወርዷ ግን 11 ሜትር እንኳ አይሞላም። ቀጭንና ፈጣን ናት። በሙሉ ኃይሏ ስትከንፍ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ስድስት መድፍና ስምንት የቶርፒዶ (በውሃ ውስጥ እየሄደ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) መተኮሻ አላት። 240 የሚሆኑ ሰዎች ይሠሩባታል። የባሕር ኃይል ሰዎች ይህን ዓይነት መርከብ ዴስትሮየር ይሉታል።

ሳሴቦ በሚባለው ወደብ ተሠርታ ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1940 ነው። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ጥር 11 ቀን 1932 ሆኖ አገኘሁት። ጥምቀት! ጃፓኖቹ ይህን ከየት ያውቁታል? ውሃ ላይ ለሚኖር ነገር ግን ከዚህ የተሻለ የልደት ቀን አይገኝም። ከአሁን በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ዩኪካዜ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከገዷ ነው። ካጌሮ በሚባለው ንድፍ 19 መርከቦች ተሠሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ 18ቱ ሰጥመው ነበር። የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። ከፊሊፒንስ ወረራ እስከ ትልቋ የጦር መርከብ ያማቶ የመጨረሻ ጉዞ ድረስ ያልነበረችበት ትልቅ ውጊያ ጥቂት ነው። ከሁሉም በእግሯ ተመልሳለች። ስለዚህ «ገደኛዋ መርከብ» አሏት።

ሌላም ስም ነበራት። በሌሎች መርከቦች ላይ ያሉ ሰዎች ከእሷ ጋር መመደብ አይወዱም ነበር ይባላል። ከጎኗ የቆመ ሁሉ ይሰጥማል፣ እሷ ትተርፋለች። የጓደኞቿን ገድ ትበላለች ብለው ሟርተኛ አደረጓት። አንዲቷን መርከብ ገደኛም ገደ ቢስም ማለት ይህ ነው።

እኔ በዚህ የገድ ወሬ ብዙም ደስ አይለኝም። ዩኪካዜ አብዛኛውን ጊዜዋን ያሳለፈችው በአጃቢነት ነው። አጃቢ ደግሞ «አንተ ተረፍክ ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው «ያጀብካቸው ደረሱ ወይ?» ተብሎ ነው። በዚህ ሚዛን ካስቀመጥናት የጦርነት ዘመኗ ያሳዝናል። የምትኮራበት ዓመት መድፏ ከተነቀለ በኋላ የመጣው 1946 ነው። ዛሬ የመጣሁት ይህን ለማለት ነው።

መጀመሪያ ስለ አጃቢነት ትንሽ ልበል። ጃፓን የደሴት አገር ናት። ነዳጇ ከቦርኒዮና ከሱማትራ፣ የአልሙኒየም ድንጋይዋ ከደቡብ ባሕር፣ ሩዟና ከሰሏ ከአህጉሩ ይመጣል። ጦርነቱን ስትጀምር 6 ሚሊዮን ቶን ገደማ የንግድ መርከብ ነበራት። ይህ ሁሉ የሚጓዘው በባሕር ነው። ሆኖም የባሕር ኃይሏ አለቆች ልባቸው ያለው ከአሜሪካ መርከቦች ጋር በሚደረገው ታላቅ ግጥሚያ ላይ ነበር። ሩዝና ነዳጅ ማጀብ ሜዳሊያ አያሰጥም። የንግድ መርከቦችን ጥበቃ በአንድነት የሚመራ መምሪያ የተቋቋመው ኅዳር 15 ቀን 1943 ነው። ከአሜሪካ ጋር የገጠመችው ጦርነት ሁለት ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ሲቀረው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ተዋከቡ። ካይቦካን የሚባሉ አነስተኛ አጃቢዎችን በብዛት መሥራት ጀመሩ። በመጨረሻ የተሠሩትን ብታዩ የችኮላውን መጠን ትረዳላችሁ። የመርከብ ብረት ማጠፍ ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ መታጠፍ የሌለበትን ሁሉ ቀጥ አድርገው ቆረጡት። ክፍል ክፍሉን ለየብቻ ሠርተው በብየዳ አያያዙት። ስም ለማውጣት እንኳ ጊዜ አልነበረም። ናፍጣ ሞተር ያላቸው ጎዶሎ ቁጥር፣ በእንፋሎት ተርባይን የሚሄዱት ሙሉ ቁጥር ተሰጣቸው። ፍጥነታቸው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ከውሃ በላይ ሲሄድ ይቀድማቸዋል። ከ170 በላይ ተሠርተው 70 ገደማ ሰጠሙ። የንግድ መርከቦቹማ ከ8 ሚሊዮን ቶን በላይ ጠፉ። ግማሽ የሚበልጠውን የወሰዱት ሰርጓጆች ናቸው።

ወደ ዩኪካዜ ልመለስ። ሁሉንም ውጊያዎቿን ብቆጥር ይመሽብናል፤ ጥቂቱን ልምረጥ።

በኅዳር 1942 ጓዳልካናል ደሴት አጠገብ በሌሊት ውጊያ ሂዬ የተባለችው ትልቅ የጦር መርከብ ክፉኛ ተመታች። ዩኪካዜ አጠገቧ ነበረች። አድሚራል አቤ ሂሮአኪ ሂዬን ትቶ ወደ ዩኪካዜ ተሻገረ። ሂዬ ሰጠመች። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በየካቲት 1943 መጀመሪያ፣ ጃፓኖች ከዚያው ደሴት በሌሊት ሲወጡ ዩኪካዜ ከአጓጓዦቹ አንዷ ነበረች። በሦስት ዙር ከ10,000 በላይ ሰው አወጡ። ረኃብ የጨረሳቸው፣ በገመድ መሰላል ወደ ላይ ለመውጣት አቅም ያጡ ሰዎች ናቸው። ይህችን ያዝልኝ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ትመጣለች።

ከዚያ የቢስማርክ ባሕር። በየካቲት 1943 መጨረሻ ስምንት ወታደር የጫኑ መርከቦች በስምንት ዴስትሮየሮች ታጅበው ከራባውል ተነሡ። ራባውል በዛሬዋ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ያለ ወደብ ነው። መድረሻቸው ላኤ ነበር፤ 6,900 ያህል ወታደር ይዘዋል። በመጋቢት 2 አንዷ ጫኝ ሰጠመች። ዩኪካዜና አሳጉሞ የተረፉትን ከባሕር ለቅመው፣ በሌሊት ላኤ አድርሰው፣ ሊነጋ ሲል ወደ ቅፍለቱ ተመለሱ። በማግስቱ የአሜሪካና የአውስትራሊያ አውሮፕላኖች ከውሃው ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብለው መጡ። ቦምቡን በውሃው ላይ እያነጠሩ ይለቁታል፤ እየዘለለ ሄዶ የመርከቡን ጎን ይመታል። የቀሩት ሰባት ጫኞች በሙሉ ጠፉ። ከስምንቱ አጃቢዎችም አራቱ ሰጠሙ። ላኤ የደረሰው ወታደር 1,200 ያህል ነው። አውሮፕላኖቹ በጀልባና በውሃ ላይ ያሉትንም ተኩሰውባቸዋል። ዩኪካዜ ከቀሩት ጋር ሆና ሰው ስትለቅም ቆይታ ወደ ራባውል ተመለሰች። አንድ ጭረት አልነካትም። ታዲያ ይህ ገድ ነው? ለእሷ ነዋ። ለታጀቡት ግን ጥፋት ነው።

በኅዳር 1944 ደግሞ በአስር ቀን ውስጥ ሁለት ታላላቅ መርከቦች አጠገቧ ሰጠሙ። ኅዳር 21 ሌሊት ከታይዋን አቅራቢያ ኮንጎ የተባለችው የጦር መርከብ በሰርጓጅ ተመታች። (ስሟ ከአፍሪካዊቷ አገር ጋር አይገናኝም።) በዚያችው ሌሊት ከአጃቢዎቹ አንዷ ኡራካዜ አንድ ሰው ሳይተርፍ ጠፋች።

የቀሩት ሦስቱ፣ ዩኪካዜ፣ ኢሶካዜና ሃማካዜ፣ ደክሟቸው ጃፓን እንደገቡ ሌላ ሥራ ጠበቃቸው። ሺናኖ የምትባል በዚያን ጊዜ ከዓለም ትልቋ አውሮፕላን ተሸካሚ ከዮኮሱካ ወደ ኩሬ ልትሄድ ነው። ሥራዋ በቅጡ አላለቀም፤ ውሃ እንዳይገባ የሚዘጉ በሮች ገና በደንብ አልተፈተሹም። የአጃቢዎቹ አዛዦች በቀን፣ የባሕር ዳርቻውን ተጠግተን እንሂድ አሉ። የሺናኖ አዛዥ ከአውሮፕላን ፈርቶ በሌሊት፣ ራቅ ብለን ይሁን አለ። የእሱ ቃል ጸና። ኅዳር 28 ማታ አርቸርፊሽ የተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ አገኘቻቸው። ኢሶካዜ ሰርጓጁን አይታ ወደ እሷ ስትሮጥ አዛዡ ጠርቶ መለሳት። ሌላ ሰርጓጅ ያለ መስሎት አጃቢ እንዳያሳሳ ነበር። ሺናኖ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈች ስትሄድ አንዱ እጥፋት ሰርጓጇ ፊት አደረሳት። አራት ቶርፒዶ ተመታች። በማግስቱ ጠዋት፣ አገልግሎት በጀመረች በአስረኛው ቀን፣ ሰጠመች። 1,400 ያህል ሰው ሞተ። ሦስቱ አጃቢዎች ከውሃ ያወጡት 1,080 ነው።

አያችሁ፣ አጃቢው ትክክል ሲናገር እንኳ አይሰማም። ይህን በየመሥሪያ ቤቱ እናውቀዋለን።

የመጨረሻው ሚያዝያ 7 ቀን 1945 ነው። ያማቶ፣ የዓለም ትልቋ የጦር መርከብ፣ ወደ ኦኪናዋ ሄዳ እንድትዋጋ ታዘዘች። አንዲት ክሩዘር (ከዴስትሮየር ከፍ ያለች የጦር መርከብ) እና ስምንት ዴስትሮየሮች አብረዋት ወጡ። የአየር ሽፋን የሚባል ነገር የለም። የዩኪካዜ አዛዥ ቴራኡቺ ማሳሚቺ ይባላል፤ ግዙፍ፣ ሪዛም ሰው ነው። በዚያን ቀን ያደረገው እስከ ዛሬ ይተረካል። በማዘዣ ክፍሉ ጣሪያ ላይ ባለው ቀዳዳ ራሱን አውጥቶ ቆመ። በእጁ የተማሪ ሦስት ማዕዘን ማስመሪያ ይዟል። አውሮፕላን ቁልቁል ሲወረወር ማስመሪያውን ወደ ሰማይ ይደግንና ቦምቡ የሚወድቅበትን ይገምታል። ከሥሩ ያለው መኮንን በዚያ ሁሉ ተኩስ መሃል ትእዛዝ አይሰማም። ስለዚህ ቴራኡቺ በእግሩ ትከሻውን ይመታዋል። የቀኙ ከተመታ ወደ ቀኝ፣ የግራው ከተመታ ወደ ግራ። መርከቧ እንዲህ እየታጠፈች አመለጠች።

ያማቶ ግን አላመለጠችም። ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው ይዛ ሰጠመች። ዩኪካዜና ሌሎች የቀሩት ከዘይት በጠቆረ ባሕር ውስጥ ሰው ማውጣት ያዙ። ኢሶካዜ መሄድ ስላልቻለች ዩኪካዜ ሰዎቿን ተቀብላ ራሷ በመድፍ አሰጠመቻት። የስንት ጉዞ ጓደኛዋን ማለት ነው። ከአሥሩ መርከቦች አራት ተመለሱ።

በሐምሌ 30 ሚያዙ በተባለው የጃፓን የባሕር ወሽመጥ የአሜሪካ አውሮፕላኖች መጡባት። አብራት የነበረችው ሃትሱሺሞ የባሕር ፈንጂ መታትና ተሰበረች። በዚያው ፈንጂ ላይ ዩኪካዜ ቀድማ አልፋ ነበር ይባላል። የገድ ወሬው እዚህም አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጦርነቱ አበቃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

ጃፓን እጇን ስትሰጥ 6.6 ሚሊዮን ገደማ ጃፓናውያን ከአገራቸው ውጭ ነበሩ። ግማሹ ወታደር ነው። ግማሹ ሲቪል፦ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ የባቡር ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ እናት፣ ሕፃን። ከማንቹሪያ (ሰሜን ምሥራቅ ቻይና) በረዶ እስከ ኒው ጊኒ ጫካ ተበትነዋል። የሚያመጣቸው መርከብ ግን የለም፤ ሰጥሟላ። አሜሪካ ሊበርቲ የሚባሉ የጭነት መርከቦችና ታንክ አውራጅ መርከቦችን አዋሰች። ከዚያ በተጨማሪ ከጃፓን ባሕር ኃይል የተረፈው ሁሉ ተሰበሰበ። ሆሾና ካትሱራጊ የተባሉት አውሮፕላን ተሸካሚዎች፣ ዴስትሮየሮች፣ በችኮላ የተሠሩት ባለ ቁጥር ካይቦካኖች፣ ሁሉም።

የባሕር ኃይል ሚኒስቴሩ በኅዳር 1945 መጨረሻ ፈርሶ በታኅሣሥ 1 የወታደር መላሽ መሥሪያ ቤት ሆነ። ሠራተኞቹ ያው መርከበኞች ናቸው፤ ደመወዛቸው ግን የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ብዙዎቹ እነሱም ቤታቸው መሄድ ይፈልጋሉ። የጃፓንን ባንዲራ መስቀል ተከለከለ። በምትኩ ከመርከቦች የምልክት ባንዲራ አንዱን፣ ሰማያዊና ቀይ ያለውን፣ ጫፉን በሦስት ማዕዘን ቆርጠው ሰቀሉ። የመርከቡ ስም በላቲን ፊደል በትልቁ ጎኑ ላይ ተጻፈ።

የዩኪካዜ መድፍና ቶርፒዶ ተነቀለ። በቦታው የእንጨት ቤት ተመታ፤ ማደሪያ ነው። ሽንት ቤትም ተጨመረ። የመርከብ ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ስለ ሽንት ቤት አያነሡም። እኔ ግን አስቡት እላለሁ። ለ240 ሰው በተሠራች ቀጭን መርከብ ላይ ብዙ መቶ ሰው ይጫናል፤ ከመሃላቸው ተቅማጥ የያዘው ብዙ ነው። በጎን በኩል ከባሕሩ በላይ የተንጠለጠለች የእንጨት ክፍል የዚያ ጉዞ ዋና መሣሪያ ናት።

ከየካቲት 1946 እስከ ታኅሣሥ 1946 ድረስ 15 ጉዞ አደረገች። ራባውል፣ ፖርት ሞርስቢ፣ ሳይጎን፣ ባንኮክ፣ ሁሉዳኦ፣ ኦኪናዋ። ከ13,000 በላይ ሰው መለሰች። ለ15 ብታካፍሉት በአንድ ጉዞ 870 ገደማ ይደርሳል። በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ከባሕር ያወጣቻቸው ተደምረው እዚህ ቁጥር አጠገብ አይደርሱም።

ራባውልን አስታወሳችሁ? ያ ቅፍለት የተነሣበትን ወደብ? አሜሪካኖች ራባውልን አልወረሩትም፤ ከበው ትተውት አለፉ። 100,000 የሚጠጋ ወታደር እዚያ ዋሻ እየቆፈረ፣ ስኳር ድንችና አትክልት እየዘራ ጦርነቱ እስኪያልቅ ተቀመጠ። ዩኪካዜ በ1946 ተመልሳ ሄደች። በዚያ ዓመት ጸደይ ካመጣቻቸው መሃል አንድ ግራ እጁ የተቆረጠ የ24 ዓመት ወታደር ነበር። ወባም አድክሞታል። ከአካባቢው መንደር ሰዎች ጋር ተዋድዶ እዚያው ልቅር ወይ ብሎ አስቦ ነበር። ሚዙኪ ሺጌሩ ይባላል። በቀረችው አንድ እጁ እየሣለ በኋላ ጃፓን ሁሉ የሚያውቀው ሠዓሊ ሆነ። ዕድሜ ሰጥቶት እስከ 2015 ኖሯል።

ሁሉዳኦ ሌላ ታሪክ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ያለ ወደብ ነው። በነሐሴ 1945 የሶቪየት ጦር ማንቹሪያ ሲገባ እዚያ የሰፈሩት ጃፓናውያን ሲቪሎች ያለ ጠባቂ ቀሩ። ወንዶቹ ቀድመው ለጦር ተወስደዋል፤ ብዙዎቹ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዙ። ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት በእግራቸው ደቡብ ወረዱ። ሴቶች ፀጉራቸውን ተላጭተው የወንድ ልብስ ለበሱ። በክረምቱ ረኃብና ታይፈስ ብዙ ሰው ጨረሰ። አንዳንድ እናቶች ልጅ ይትረፍ ብለው ለቻይናውያን ቤተሰቦች ሰጡ። ከግንቦት 1946 ጀምሮ በዚያ ወደብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተጭኗል።

የሚያሳፍረው ደግሞ መድረሱ ራሱ ነው። አንድ ሲቪል ይዞ መግባት የሚፈቀድለት 1,000 የን ብቻ ነው። መኮንን 500፣ ተራ ወታደር 200። የዕድሜ ልክ ሀብት ወደብ ላይ ይቀራል። ከመርከብ ሲወርዱ ቅማል ለመግደል ነጭ የዲዲቲ ዱቄት ፀጉራቸው ላይ፣ በአንገታቸው በኩል ወደ ልብሳቸው ውስጥ ይነፋባቸዋል። በ1946 ጸደይ ከደቡብ ቻይና በመጡ መርከቦች ላይ ኮሌራ ተገኘ። ኡራጋ ወደብ ፊት ለፊት መርከቦቹ መልህቅ ጥለው እንዲቆዩ ታዘዘ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አገሩን በዓይኑ እያየ፣ የሰፈሩን መብራት እየቆጠረ ሳይወርድ ሰነበተ። እዚያው የሞቱ አሉ።

ጉዞው ራሱም ሰላማዊ አልነበረም። አሜሪካኖች በጦርነቱ መጨረሻ ወራት በጃፓን ወደቦች ዙሪያ ከ12,000 በላይ ፈንጂ ከአውሮፕላን ጥለዋል። ጦርነቱ አበቃ ሲባል ፈንጂው አልሰማም። አሮጌ መርከብ፣ የተበላሸ መሣሪያና የደከመ ሰው አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ፈንጂም አያስፈልግም። ሰኔ 4 ቀን 1946 ኩናሺሪ የተባለች ካይቦካን ኦማኤዛኪ ላይ መሬት ነክታ ተያዘች። ልትረዳት የሄደች ካሚካዜ የምትባል በ1922 ባሕር የወረደች አሮጊት ዴስትሮየርም ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ተሰበረች። ካሚካዜ ጦርነቱን በሙሉ የተረፈች ነበረች። እሷንም ገደኛ ይሏት ነበር።

መርከቦቹ ባዶ ሄደው ሞልተው ብቻ አልተመለሱም። በጃፓን የድንጋይ ከሰል ጉድጓድና ፋብሪካ ውስጥ ብዙዎቹ በግዳጅ ሲሠሩ የነበሩ ኮሪያውያንም አገራቸው መግባት ነበረባቸው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ወደዚያ ሄዷል። በዚህ ላይ የማይረሳው ኡኪሺማ ማሩ የተባለው መርከብ ነው። ነሐሴ 22 ቀን 1945 ኮሪያውያን ጭኖ ከኦሚናቶ ወደ ቡሳን ተነሣ። በሁለት ቀኑ ማይዙሩ ወሽመጥ ገብቶ ፈነዳ። የጃፓን መንግሥት 549 ሰው ሞተ አለ። ፈንጂ መታው ነው የተባለው። በኮሪያ በኩል ይህን የማይቀበል ብዙ ነው፤ ቁጥሩንም ምክንያቱንም። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም።

እዚህ ላይ ንግግሬን ጨርሼ ነበር። ጥያቄዎቹ ግን ከንግግሬ የተሻሉ ስለነበሩ ልጨምራቸው።

አንድ ልጅ ተነሥቶ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ወራሪ አይደሉም እንዴ? ለምን እናዝንላቸዋለን?» አለኝ። ደግ ጠየቅህ አልኩት። ዩኪካዜ በታኅሣሥ 1941 ፊሊፒንስ ላይ ወታደር ያወረደውን ጦር አጅባለች። ማንቹሪያ የሰፈሩት ገበሬዎችም ከቻይናውያን ላይ በርካሽ የተወሰደ መሬት ያርሱ ነበር። በወረራ ያለፈ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ግን የሰባት ዓመት ሕፃን ማንቹሪያን አልወረረም። ያንን መሬት ና ውሰድ ብሎ የላከው መንግሥት በነሐሴ 1945 ጥሎት ጠፋ። ጦሩ ቀድሞ አፈገፈገ፤ ሲቪሉ ኋላ ቀረ። እኔ በዚህ ታሪክ የምቆጣው በዚህ ነው። ዩኪካዜን የማነሣትም ለዚሁ ነው። የጃፓን ባሕር ኃይል የራሱን ሰው ማጀብ የጀመረው ባሕር ኃይል መሆኑ ከቀረ በኋላ ነው። ልጁ የረካ አልመሰለኝም። ተቀመጠ።

ከኋላ አንዲት እናት ደግሞ «መጨረሻዋስ? አሁን የት አለች?» አሉ።

አሸናፊዎቹ የተረፉትን መርከቦች በዕጣ ተካፈሉ፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ሶቪየት ኅብረትና ቻይና። ዩኪካዜ ለቻይና ደረሰች። በሐምሌ 1947 ሻንጋይ ላይ ተረከቧት፤ ስሟ ዳን ያንግ ሆነ። የቻይና የእርስ በርስ ጦርነት በእነ ቺያንግ ካይሼክ ሽንፈት ሲያበቃ እሷ ከተሸናፊዎቹ ጋር ታይዋን ገባች። እንደገና መድፍ ተተከለላት፤ አውራ መርከብ ሆነች። በ1954 ቱአፕሴ የተባለውን የሶቪየት ነዳጅ ጫኝ በባሕር ላይ ከያዙት መርከቦች አንዷ ናት። ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ አገራቸው የገቡት በ1988 ነው። ሰው ስትመልስ የነበረችው መርከብ ሰው አስቀረች። ታሪክ እንዲህ ያለ ቀልድ ያውቃል።

በ1966 ከአገልግሎት ወጣች። የቀድሞ መርከበኞቿና ወዳጆቿ ትመለስልን ብለው ብዙ ደከሙ። መርከቧ ግን ተቆራርጣ ነበር። በታኅሣሥ 1971 ታይዋን መሪዋንና መልህቋን ለጃፓን ሰጠች። ሁለቱም ኤታጂማ በሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ግቢ ይታያሉ። ፕሮፔለሯ ታይዋን ውስጥ ዙዮይንግ በሚገኘው የባሕር ኃይል አካዳሚ ቀርቷል።

«ልጄ ጃፓን ትማራለች፤ ሄዳ መልህቁን ትየው?» አሉኝ። ትየው፣ ምን ከፋ! ግን ጊዜዋ ለአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ማይዙሩ ትሂድ አልኳቸው። ከኪዮቶ በስተሰሜን ያለ ወደብ ነው፤ የተመላሾች ሙዚየም አለ። ዩኔስኮ በ2015 በዓለም መዝገብ ያሰፈራቸው ሰነዶች እዚያ ናቸው። ሳይቤሪያ የታሰረ ሰው ወረቀት አጥቶ በበርች ዛፍ ልጣጭ ላይ፣ በጥላሸት ቀለም የጻፈው ማስታወሻ አለ። መልህቅ የትም ወደብ ላይ አይጠፋም።